ትምህርት ቤት ለምትመርጡ አዲስ መጪዎች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ገና መርካዝ ክሊታ፣ የአዲስ መጪዎች መቀበያ፣ ውስጥ ላላችሁ፣ ወይም ከዚያ ከወጣችሁ ገና ብዙ ላልቆያችሁ ነው። እዚህ እስራኤል የተወለዱት ልጆቻችን አብዛኞቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም። እናንተ ታነባላችሁ። ረጅም ዘመን በትምህርት ቤት አማካሪነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን አለቃ የለኝም፣ የማስቀይመውም ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ሳላለሳልስ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ወረቀት ይመጣል። በዕብራይስጥ ነው የተጻፈው። አባታችሁ ይፈርማል፣ እናንተም ትምህርት ቤት ገባችሁ ማለት ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ሠራተኛዋ ብዙ ቤተሰብ ተሸክማለች፣ ቦታ ያለበትን ትሞላለች። ግን ቦታ ያለበት ትምህርት ቤት ለእናንተ የሚሆነው ነው ማለት አይደለም። “አስነብበን ነገ እንመልሳለን” ማለት ነውር የለውም። እኛ ቤት ባለሥልጣን ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፤ እዚህ አገር ግን ዝም ያለ ሰው ተስማማ ተብሎ ይጻፋል።

አማራጮቹ ብዙ ናቸው፣ ግን ግራ አያጋቡም። ከ1953 ሕግ ጀምሮ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) መንግሥት ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ያስተዳድራል። አንዱ ማምላኽቲ ይባላል። ታናኽ፣ የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት ይሰጥበታል፣ በዓላት ይከበሩበታል፣ ጸሎት ግን የለም። ሌላው ማምላኽቲ ዳቲ፣ ሃይማኖተኛው፣ ነው። ጠዋት በጸሎት ይጀመራል፣ የረቢዎቹ የቃል ሕግ ይጨመራል፣ ከፍ ያለው ክፍል ላይ ብዙ ቦታ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይማራሉ። ከነዚህ ውጪ የሃሬዲዎቹ፣ የእጅግ አጥባቂዎቹ፣ አለ። እሱ ሌላ ዓለም ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛው ላይ በደንብ ጠይቃችሁ ካልሆነ አትግቡ።

ብዙዎቻችሁ ጊዩር፣ ወደ አይሁድነት የመግባት ሥርዓት፣ ማለፍ ስላለባችሁ አብዛኛውን ጊዜ የምትመደቡት ማምላኽቲ ዳቲ ነው። ይህን ልትሸሹት አይገባም፣ ጊዩሩ እስኪያልቅም አርፎ መማር ነው። ግን ዳቲ ትምህርት ቤትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጌማራውንም (የረቢዎቹን ታልሙድ) ፊዚክሱንም በደንብ ያስተምራል። ሌላው “ጥሩ ልጆች፣ ሥርዓት ያላቸው ልጆች” እያለ ያመሰግናችሁና አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ የትም የማያስገባ ወረቀት ይሰጣችኋል። በር ላይ የተጻፈው ስም ይህን አይነግራችሁም። ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ሙሉ ባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና፣ ይዞ እንደወጣ ጠይቁ። ከክፍሉ ተማሪ ስንቱ የኛ ልጅ እንደሆነም ጠይቁ። ክፍሉ በሙሉ ሐበሻ ከሆነ ዕብራይስጡን ከማን ትማሩታላችሁ?

ከቤት ርቆ መማርም አለ፣ ፕኒሚያ። ይህን እኔ ከውስጡ አውቀዋለሁ። በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በ1984 እና በ1985፣ የመጣነው ልጆች ከአስራ ሁለት ዓመት በላይ ከሆንን ሁላችንም ለማለት በሚቻል ደረጃ መጪ ወጣቶችን በሚያሳድገው ድርጅት በአሊያት ሃኖአር በኩል ዳቲ ፕኒሚያ ገባን። ብዙዎቻችን ወላጅ አጠገባችን አልነበረም፣ መንገድ ላይ የቀረ ነበረ፣ አገር ቤት የቀረ ነበረ። ሌላ የሚያሳድገን ማን ነበር? ከዚያ መኮንን የሆነ አለ፣ መምህር፣ ነርስ፣ ጠበቃ የሆነ አለ። ነገር ግን ወላጆቻችን በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ተከትለውን ሲመጡ ከብዙዎቻችን ጋር የሚያወሩበት ወሬ አጡ። ልጁ ዕብራይስጥ ይናገራል፣ አባት ይሰማል። ያ ክፍተት እስከ ዛሬ ያልተዘጋበት ቤት አውቃለሁ።

ፕኒሚያ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ካርሜል ተራራ ላይ ያለውን የሚን ኦርድን ብትወስዱ በ1953 ነው የተመሠረተው፣ ብዙ የኛን ልጆች አሳድጓል። ስሙን ያገኘው ደግሞ በ1941 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በሱዳን በኩል ጎጃም ከገባው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው፤ ጎጃም የተዋጋ ሰው ስም ከዓመታት በኋላ የጎንደር ልጆች መኖሪያ ላይ መገኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የኔ ምክር አጭር ነው። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ማጥኛ ቦታ ከሌለ፣ ሰፈሩም ካስፈራችሁ ፕኒሚያ ያድናል። ወላጆቻችሁ ቤት ካሉና ሰፈራችሁ ደህና ትምህርት ቤት ካለ ግን እዚያው ቆዩ። ከሄዳችሁም በየሰንበቱ፣ ካልሆነ በየሁለት ሳምንቱ ኑ፤ መጥታችሁም ስልክ ላይ አትተኙ፣ እናታችሁ ጋ ወጥ ቤት ግቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማምላኽቲም ሁን ዳቲ፣ ፕኒሚያም ሁን ሰፈር፣ ዕጣችሁ የሚለየው በሃክባጻ ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ ተማሪውን በደረጃ ይከፋፍሉታል፣ ከዚያ በባግሩት ሦስት፣ አራት ወይም አምስት የሂዶት ይባላል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ትምህርቱ ይከብዳል። አዲስ መጪ ልጅ ዕብራይስጥ ስለማይችል የሒሳቡን ጥያቄ ማንበብ ያቅተዋል፣ ፈተናውን ይወድቃል፣ ዝቅተኛው ቡድን ውስጥ ይገባል። “ለጊዜው ነው” ይሉታል። ጊዜው ግን አይመለስም። በዓመቱ ዕብራይስጡ ተስተካክሎ እሱ ግን እዚያው ነው፣ ምክንያቱም ላይኛው ቡድን ጥሎት ሄዷል። ጎንደር ላይ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የነበረ ልጅ እዚህ “ሒሳብ አይሆንለትም” ተብሎ ያየሁት ጥቂት ጊዜ አይደለም። ሒሳብ ሳይሆን ቋንቋ ነበር ያቃተው!

ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሳይዘጋባችሁ ተናገሩ። መምህሩን “ጥያቄውን በቃል አስረዱኝና ፈትኑኝ” በሉት። አራት የሂዶት ይዛችሁ መታገል ሦስት ይዞ ከመዝናናት ይሻላል፣ ወደ ላይ መውጣት ከባድ ነው፣ ወደ ታች መውረድ ግን ሁልጊዜ ይቻላል። ለምን ይህን ያህል እጨቃጨቃለሁ? በአምስት የሂዶት ሒሳብ 60 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት የሒሳብ ውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ይጨመርለታል። ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር፣ ሕክምና የሚያስገባው ይህ ነው። አዲስ መጪ በመሆናችሁ በባግሩት ፈተና ተጨማሪ ሰዓትና ሌላም ማቃለያ ይገባችኋል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያስታውሳችሁም። በአማርኛም ባግሩት መፈተን ይቻላል፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ውጤት አትጣሉ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይህ ለታናናሾቻችሁ ነው። ትምህርት ቤቱ “ልጁ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል” ብሎ ቫዓዳ፣ ጉዳዩን የሚወስን ኮሚቴ፣ ከጠራ ወላጅ ብቻውን አይሂድ። የሚያስተረጉም ሰው ይዞ ይሂድ፣ የሚያስተረጉመው ደግሞ እናንተ አትሁኑ። የአስራ አራት ዓመት ልጅ የወንድሙን ጉዳይ ባለሙያዎች ፊት ሊያስተረጉም አይገባም። ወላጅ እዚያ የመናገር መብት አለው፣ በውሳኔው ካልተስማማም ይግባኝ ማለት ይችላል። እርግጥ እርዳታው በእውነት የሚያስፈልገው ልጅ አለ፣ እሱን ደግሞ “ሰው ምን ይለናል” ብሎ መደበቅ በደል ነው።

ስለ ሃይማኖቱም ልናገር። ዳቲ ትምህርት ቤት የምትማሩት የረቢዎቹን ሥርዓት ነው። ጥሩ ነው፣ ተማሩት። ግን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ “እናንተ እኮ ሐኑካ አታውቁም ነበር” የሚል ይመጣል። አዎ፣ አናውቅም ነበር። ኦሪትን ግን በግዕዝ ይዘን፣ ሰንበትን ጠብቀን፣ ኢየሩሳሌምን እየጠራን ቆይተናል፤ ያኔ ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍም በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ያሉት ይህንኑ ሕዝብ ነው። በአንዳንዶቻችሁ ቤት ደግሞ ክርስትና የገባበት ዘመን አለ። ቀን ጥሎት፣ መሬት አጥቶ፣ ተገፍቶ የተጠመቀ አያት አለ። ጠያቂ ፊት አትፈሩበት፣ ታሪካችሁ ነው።

ይህን ትምህርት ቤቱ በደንብ አያስተምራችሁም። የኛ የጾምና የጸሎት በዓል ስግድ በ2008 በክኔሴት፣ በፓርላማው፣ ሕግ የአገር በዓል ሆኗል፣ ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ዳቦና የሐበሻ ቀሚስ ታያላችሁ፣ ከዚያ ይረሳል። የቀረውን ራሳችሁ ፈልጉ። የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን እያረጁ ነው። ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ለስግድ ስትሄዱ ፎቶ ብቻ ተነስታችሁ አትመለሱ፣ ከአንድ ቄስ አጠገብ ቁሙና የሚያነበውን ጠይቁት። ይደሰታል እንጂ አይቆጣም።

እኛ ለትምህርት እንግዳ አይደለንም። ታምራት አማኑኤል ገና ልጅ ሳሉ ከአውሮፓዊው አይሁዳዊ ምሁር ከዣክ ፋይትሎቪች ጋር አውሮፓ ሄደው ተምረው ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤት መርተዋል። ዮና ቦጋለ ብዙ ዘመን በየመንደሩ ትምህርት ቤት ሲያቆሙ ነው የኖሩት። በ1955 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች እዚሁ እስራኤል ክፋር ባትያ የሚባል የወጣቶች መንደር መጥተው ተምረው፣ አገር ቤት ተመልሰው እንዲያስተምሩ ነው የታሰበው። ዕብራይስጥም ሆነ ግዕዝ አንዱ ሌላውን አላስጣላቸውም።

ከአስራ ስምንት በኋላስ? ጦር ሠራዊት ይጠብቃችኋል። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት መኺና፣ ለጦር የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት፣ መግባት ይቻላል። የመጀመሪያው በ1988 ዔሊ ላይ የተከፈተው ዳቲ መኺና ነው፣ ዛሬ ዳቲም፣ ዓለማዊም፣ ቅልቅልም አለ። ለአዲስ መጪ በጣም እወደዋለሁ፤ ዕብራይስጡ ይጠናል፣ ከአገሩ ልጆች ጋር አብራችሁ ትበላላችሁ ትጣላላችሁ፣ ጦሩም ውስጥ ስትገቡ እንግዳ አትሆኑም። የሺቫት ሄስደር አምስት ዓመት ገደማ ነው፣ ትምህርቱንና ወታደርነቱን ያጣምራል፤ ጌማራ ከልቡ ለሚወድ ብቻ። ዳቲ ሴቶች በጦር ፈንታ ሸሩት ለኡሚ፣ የአገር አገልግሎት፣ አላችሁ፣ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት አንድ ወይም ሁለት ዓመት። ቦታውን በኋላ ልትሠሩት ከምታስቡት ሙያ ጋር አያይዛችሁ ምረጡ፣ ጓደኛዬ የሄደችበት ብላችሁ አትሂዱ። ውጤቱ ከፍ ያለ ደግሞ አቱዳ ይጠይቅ። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ በሙያው ማገልገል ነው።

ሃያን አልፋችሁ የመጣችሁ፣ ልጅ ያላችሁም ጭምር፣ “ለኛ አለፈብን” ስትሉ እሰማለሁ። የክፍት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ባግሩት አይጠይቅም። ባግሩት ለማሟላት የቅድመ ዩኒቨርሲቲ መኺና አለ። ሃንዴሳይ፣ የተግባር መሐንዲስነት ትምህርት፣ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፣ ኤሌክትሪክ ወይም ግንባታ ተምሮ የተመረቀ ሰው ሥራ አያጣም። ከጦር የወጣ ደግሞ ፒካዶኑን፣ መንግሥት ያስቀመጠለትን ገንዘብ፣ ለትምህርት ማዋል ይችላል፤ ለመኪና አታውጡት። የክፍያ እርዳታ ለመጠየቅ የተማሪዎች አስተዳደር ቢሮ ሂዱ፣ ሳትመዘገቡ ሂዱ፣ ከተመዘገባችሁ በኋላ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ኡልፓኑ፣ የዕብራይስጥ ትምህርቱ፣ እንዳለቀ ክፍተት አትተዉ። ፋብሪካው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥራችኋል፣ ደመወዙ የመጀመሪያ ገንዘባችሁ ስለሆነ ብዙ ይመስላል፣ ሺፍቱ ማታ ይሆናል፣ ከዚያ ዕብራይስጡ እዚያው ባለበት ይቆማል። ሥሩ፣ መሥራት የግድ ነው። ግን አለቃውን ገና ስትቀጠሩ “በሳምንት ሁለት ማታ ትምህርት አለኝ” በሉት። ቆይታችሁ ከምትጠይቁት ያን ቀን ብትጠይቁት እሺ የማለት ዕድሉ ይበልጣል።