ከሰርከስ የወጣ አንበሳ ለምን ወደ ዱር አይመለስም?

ጥያቄ፦ በብዙ አገሮች የዱር እንስሳትን በሰርከስ ማሠራት እየታገደ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ነጻ የወጡት አንበሶች ወደ ዱር ሳይሆን ወደታጠረ መጠለያ እንደሚወሰዱ ሳነብ ቅር ይለኛል። ይህ ከአንዱ እስር ወደ ሌላው ማዘዋወር አይደለምን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቅሬታዎ ከርኅራኄ የመነጨ በመሆኑ ግልጽ መልስ ይገባዋል። እነዚህ አንበሶች ወደ ዱር የማይለቀቁት በዱር ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን ነገር ሰርከሱ አስቀድሞ ስለነጠቃቸው ነው፤ ከተነጠቁትም መካከል ጥፍርና ጥርስ ይገኙበታል። የአንበሳን ጥፍር መንቀል ማለት የእያንዳንዱን ጣት የመጨረሻ አጥንት ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አረማመዱ ይዛባል፣ ዕድሜው ሲገፋም መገጣጠሚያዎቹ ይታመማሉ። የተሰበረ ክራንቻ ደግሞ ከሥሩ ስለሚመግል በቀዶ ሕክምና እስኪወጣ ድረስ እንስሳውን ያሠቃየዋል። በዚህ ላይ ደቦል እናቱን ተከትሎ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ የሚማረውን አደን እነዚህ አልተማሩም፤ ሰውንም አይፈሩም። ቢለቀቁ ወይ በረሃብ ይሞታሉ፣ ወይ ወደ መንደር ቀርበው ይገደላሉ።

ቦሊቪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ማንኛውንም እንስሳ በሰርከስ ማሠራትን በሕግ ከከለከለች በኋላ፣ 25 አንበሶች በ2011 በአውሮፕላን ተጭነው በአሜሪካ ኮሎራዶ ወደሚገኝ መጠለያ ተወስደዋል። በ2016ም ከፔሩና ከኮሎምቢያ የተሰበሰቡ 33 አንበሶች ደቡብ አፍሪካ ገብተዋል፤ ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ጥፍራቸው የተነቀለና ጥርሳቸው የተሰባበረ ስለነበሩ የአፍሪካን ምድር ቢረግጡም ማረፊያቸው መጠለያ ሆኗል።

ማገገሙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለዓመታት በጠባብ የብረት ጎጆ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የኖረ አንበሳ፣ ሰፊ ሜዳ ቢከፈትለትም በአንድ ጥግ ያንኑ ምልልስ ሊቀጥል ይችላል፤ ጥሩ ጠባቂም አያጣድፈውም። አንበሳ በመንጋ የሚኖር በመሆኑ ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም የማይተዋወቁ አንበሶች በድንገት ቢገናኙ ሊገዳደሉ ስለሚችሉ፣ በመጀመሪያ በሽቦ አጥር ተለያይተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በአጥሩ በኩል ፊታቸውን ሲያሻሹና ሽቦውን ተደግፈው አጠገብ ላጠገብ ሲተኙ ከታየ በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው።

እውነተኛው ልዩነት ያለው አጥሩ ላይ ሳይሆን በውስጡ በሚፈጸመው ነገር ላይ ነው። በትክክለኛ መጠለያ እንስሳው ትርዒት አያሳይም፣ ከጎብኚ ዓይን መሸሸግ ሲፈልግ መሸሸጊያ አለው፣ አይሸጥም፣ እንዲዋለድም አይደረግም። ማኮላሸት የወንዱን ጎፈር ስለሚያረግፍ በብዙ ቦታ የዘር ቱቦውን መቋጠር ይመረጣል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሳያደርጉ በመጠለያ ስም የሚነግዱ መኖራቸው ግን በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ገንዘብ ከመለገስዎ በፊት በግቢው ደቦሎች ይወለዱ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ደቦል አቅፈው ፎቶግራፍ እንዲነሱ ከጋበዙዎትም ደቦሎቹ ካደጉ በኋላ የት እንደሚወሰዱ ሳያጣሩ ምንም አይክፈሉ።