«ያልታወቀ» ማለት «አጠራጣሪ» ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዕድሜዬ 41 ነው። እናታችን በጡት ካንሰር ካረፈች በኋላ እኔና ታላቅ እህቴ የዘረመል ምርመራ አደረግን። ሁለታችንም ቢአርሲኤ 2 የሚባለው፣ ችግር ሲኖርበት ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው ጂን ላይ ለውጥ ተገኘብን። የእሷ ውጤት «ትርጉሙ ያልታወቀ» ይላል። የእኔ ከሌላ ላብራቶሪ ነው፤ «ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም» ይላል። እህቴ «ሁለቱንም ጡቴን በኦፕራሲዮን ላስወጣ» ብላለች። የቱን እንመን?

መልስ፦ እህትዎ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዘው ከሆነ ያቆዩት። በዚህ ወረቀት ብቻ ጡት አይነሳም።

ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ያድርጓቸው። «ሲ» በምትል ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልና በነጥብ የሚጀምር መስመር አለ። የለውጡ አድራሻ እሱ ነው። አንዲት ቁጥር እንኳ ከተለየች የምታወሩት ስለ ሁለት ለውጦች ሊሆን ይችላል።

አንድ ከሆነስ? አሜሪካ ያሉ ላብራቶሪዎች ከ2015 ወዲህ የሚጠቀሙበት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ አለ። ከ«በሽታ አምጪ» ይጀምርና «ጉዳት የሌለው» ላይ ያበቃል፤ «ያልታወቀ» መሃል ላይ ነው። መለኪያው አንድ ቢሆንም መረጃውና የታየበት ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ ወረቀቶቹ ላይ ያለውን ቀን ይዩ። የእርስዎ «ሳይሆን አይቀርም» ደግሞ የሰፈር ግምት አይደለም፤ ከ90 በመቶ በላይ እርግጠኛ ነን ማለት ነው።

«ያልታወቀ» የሚለው እኛ ሐበሾች ላይ ይበዛል። መረጃው በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓውያን ዝርያዎች ስለሆነ እንጂ ጂናችን ስለተበላሸ አይደለም። በኋላ ደረጃቸው ከሚቀየረው አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። አንድ አስተርጓሚ ይህንኑ ቃል «አጠራጣሪ» ብሎ ሲተረጉም ሰምቻለሁ። ታካሚዋ ካንሰር አለብሽ የተባለች መስሏት እዚያው አለቀሰች።

አሁን የጄኔቲክ አማካሪ ይጠይቁ። ላብራቶሪዎች ውጤታቸውን የሚያካፍሉበት ክሊንቫር የሚባል የመረጃ ቋት አለ፤ ሌሎች ስለዚህ ለውጥ ምን እንዳሉ እዚያ ያዩላችኋል። የእህትዎ ላብራቶሪም ውጤቱን እንደገና እንዲያየው ይጠይቁላችኋል።

ታዲያ ወረቀቱ ቢያረጋጋዎትም ማሞግራም (የጡት ራጅ) እንዳይቀር። የሁለታችሁንም ክትትል የሚወስነው የቤተሰባችሁ ታሪክ ነው። የእናትዎ ካንሰር በስንት ዓመታቸው እንደተገኘ ጽፈው ይያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።