ከሽቦ የተነሣ እሳት ክምር ቢበላ ማን ይከፍላል?

አውድማው ሞልቷል፣ የጥር ነፋስም ጀምሯል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ደብረ ብርሃን ያለችው ቢሮዬ ውስጥ ጋቢው ጭስ ጭስ የሚል ሰው አይጠፋም። ዛሬ ከሰዓት በኋላዬን ለጥያቄ ሰጥቻለሁ። ጠበቃ ነኝ እንጂ መስመር ሠራተኛ አይደለሁም። ስለ ሽቦ የማውቀው ባለሙያዎች ችሎት ቀርበው ሲያስረዱ የሰማሁትን ነው።

ከእነዋሪ፦ ጋሼ፣ ሽቦ ተበጥሶ የስንዴ ክምሬ ላይ ወደቀና አነደደው። መብራት ኃይል ሄጄ ባመለክት «ነፋስ ነው የበጠሰው፣ የእግዜር ሥራ ነው» አሉኝ። ታዲያ እግዜርን ልክሰስ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሰበብ ቀድሞ አስቦበታል። ቁጥር 2069 ፈንጂ ወይም መርዝ የሚያከማችን፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚተክልን በአንድ ረድፍ ያስቀምጣቸዋል። በሌላው ላይ ያልተለመደ አደጋ ካስከተሉ ጥፋት ባይኖርባቸውም ይከፍላሉ። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር»፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም ይላል። ነፋሱም እዚያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እነሱ ቸልተኛ መሆናቸውን አስረዳ አትባልም። እሳቱ ከሽቦው መነሣቱን ግን ታስረዳለህ። ያየኋቸው ክሶች አብዛኞቹ የወደቁት እዚህች ላይ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ መንግሥትን ከሶ የረታ አለ እንዴ? ማን ይደፍራል!

መልስ፦ ያው 2069 አደጋውን ያመጣው መንግሥት ራሱ ቢሆን ወይም የመንግሥት ፈቃድ ያለው ቢሆን ኃላፊነቱ አይቀርም ይላል። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ። ያ የእርስዎ መብት ነው፣ ልመና አይደለም።

ከሞላሌ፦ ከሽቦው መነሣቱን በምን አስረዳለሁ? አመድ አይናገር!

መልስ፦ ይናገራል እንጂ። አንዲት እናት የበርበሬ ጣሳ ይዘው መጡ። ገለጥ ቢያደርጉት አመድ ነው፤ አመዱ ውስጥ ምስር የሚያካክሉ አራት ግራጫ ጠብታዎች አሉ። ልጃቸው ከክምሩ ሥር የለቀማቸው ናቸው። ላላ ያሉ ሽቦዎች በነፋስ ሲጋጩ አልሙኒየሙ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ጠብታው እንደጋለ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ላይ ካረፈ በቂ ነው። ባለሙያው ጠብታዎቹን አይቶ ከየት እንደመጡ ለመናገር ብዙም አልቸገረውም።

ሌላም መንገድ አለ። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው፣ ኃይል የማያሳልፈው ስኒ ተሰንጥቆ ኃይሉ በእንጨት ምሰሶው ላይ ያፈተልክና ምሰሶው ራሱ ይነዳል። ፊውዙ በወፍራም ሽቦ ተተክቶ ከነበረ ደግሞ የወደቀው ገመድ መሬት ላይም ሆኖ ኃይል ይዞ ይቆያል። ለዚህ ነው «መብራት ጠፍቷልና ሽቦው ሞቷል» ብላችሁ እንዳትነኩት የምለው። ሽቦው አጠገብ ያለ ሥራ ሁሉ ባለሙያ እስኪመጣ ይቆይ።

ከርቀት ግን ፎቶ አንሡ፤ ምሰሶው፣ የተበጠሰው ጫፍ፣ ክምሩ አንድ ላይ ይታዩ። ቁጥር ከተጻፈበት የምሰሶውን ቁጥር መዝግቡ። መብራት ስንት ሰዓት ላይ ብልጭ ብሎ እንደጠፋ ጎረቤት ይመስክር። ፖሊስ በዕለቱ አይቶ ይመዝግብ። ስንት ኩንታል እንደነበር የግብርና ባለሙያ ይገምት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመጣ ምን ያያል? አመዱን ነፋስ ወስዶታል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ስንት ጊዜ አለኝ?

መልስ፦ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት፣ ቁጥር 2143። «እናጣራለን፣ ተመለስ» እየተባሉ ይህን የበሉ ብዙ ናቸው። ሽማግሌም ቢገባ ቀኑ አይቆምላችሁምና ክሱን አዘጋጅታችሁ ሽምግልናውን ቀጥሉ።

ከደብረ ሲና፦ የእኔን ቤት ያቃጠለው ወደ ቤት የሚገባው ባለ 220 ቮልት መስመር ነው። ይሄም ከፍተኛ ኃይል ነው?

መልስ፦ እዚህ ክርክር ይነሣል። በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልቱ መስመር ልበ ሙሉ ነኝ። በቤት መስመር ላይ ግን 2069ን ብቻ ተደግፌ አልገባም፤ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል በሚለው በቁጥር 2028 መሠረት ቸልተኝነቱንም አማራጭ አድርጌ አስረዳለሁ።

ከጣርማበር፦ «ባሕር ዛፍህ ነው ሽቦውን የነካው» ይሉኛል።

መልስ፦ ይህ ቀልድ አይደለም። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው ይቀንሳል፣ ሊቀርም ይችላል። ከሽቦው ሥር ተክለህ ከሆነ ችግር ነው። ዛፉ ቀድሞ ከነበረና ይቆረጥ ብለህ አመልክተህ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማመልከቻው አለህ?

ከአረርቲ፦ አሜሪካ አንድ መብራት አቅራቢ በእሳት ምክንያት ከሰረ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ ነደደች፤ 85 ሰው ሞተ። የእሳቱ ምክንያት ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ መስመር ላይ የተበላ አንድ የብረት መንጠቆ ነው። የመስመሩ ባለቤት የሆነው መብራት አቅራቢ፣ ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ፣ በ2019 መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በኋላም ለእሳት ተጎጂዎች 13.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ስምምነት ገባ፤ ግማሹ ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአክሲዮን ነበር። በ2020 ደግሞ ባለማወቅ 84 ሰው በመግደል ጥፋተኛ ነኝ አለ። ድርጅት እስር ቤት አይገባምና የተቀጣው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። እዚያም አቅራቢው ቸልተኛ ባይሆንም መሣሪያው ካቃጠለ ይከፍላል። እኛ ይህን ሐሳብ ከ1952 ጀምሮ ጽፈን አስቀምጠነዋል፤ የሚጠቀምበት ነው የጠፋው።

ከአንኮበር፦ የእኛ ገና አልነደደም። ግን ሽቦው ላልቶ ክምሩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቤታችንም የሣር ክዳን ነው።

መልስ፦ እትዬ፣ ዛሬ የመጣልኝ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። በስልክ ብቻ አይንገሯቸው፤ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ፤ አንዱን ቅጂ ለቀበሌ ይስጡ። ያቺ ወረቀት አንድ ቀን ትፈለጋለች። ክምሩን ግን ኃይሉ ሳይቋረጥ አይንኩት፤ ዛሬውኑ ደውለው መስመሩን ያስጠፉና ከዚያ ከሽቦው ሥር ያንሡት። ደብዳቤው ነገ ይደርሳል።