መቶ ገጽ ላይ ለቆምሽው እህቴ

«የቱርካዊቷን ደራሲ የኤሊፍ ሻፋክን ‹አርባዎቹ የፍቅር ሕጎች› ልብ ወለድ ሁሉም ሕይወቴን ቀየረው ይላል፤ እኔ ግን መቶ ገጽ ላይ ኤላ ሰለቸችኝ፣ ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቀጥዪ። ሕይወት ይቀይራል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት ከሥራ ወጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን ነው። ያኔ በእርሳስ ያላሰመርኩበት ገጽ አልነበረም። በቀደም መልሼ ሳነበው ካሰመርኩት ግማሹ አሳፈረኝ።

በኤላ መሰልቸትሽ አልፈርድብሽም። አርባ ሊሞላት የደረሰች የማሳቹሴትስ የቤት እመቤት፣ ባሏ የጥርስ ሐኪም፣ ደግሞም ይማግጣል። ከዚያ አዚዝ የሚባል ሰው ስለ ባለቅኔው ሩሚና ስለ ሱፊው መምህሩ ስለ ሸምስ የጻፈው የልብ ወለድ ረቂቅ እጇ ይገባና ሁለቱ ኢሜይል መጻጻፍ ይጀምራሉ። አዚዝ እንከን የለውም፤ እንከን የሌለው ሰው ደግሞ ያሰለቻል። ደብዳቤዎቻቸውንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለሁለቱም የጻፈላቸው ነው የሚመስሉት።

የረቂቁ ታሪክ የሚካሄድበት የቱርኩ ከተማ ኮንያ ግን ሌላ ነው። በፈረንጆች 1244 ሸምስ ከተማዋ ሲገባ ሰካራሙም፣ ለምጻሙ ለማኝም፣ ሴተኛ አዳሪዋም በየራሳቸው አፍ ያወራሉ። ሸምስ ያንን ከተማው የሚያከብረውን ሩሚን ጠጅ ገዝተህ ና ብሎ መጠጥ ቤት የላከው ጊዜ፣ ሰዉ ሲያየው ክው ሲል፣ እሱ ግን ከሰካራሙ ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወራ፣ ሻይዬ ቀዝቅዞ ነበር። ደሴ ስላደግኩና ከጎረቤት መንዙማ እየሰማሁ ስለተኛሁ ይሆናል፣ የሸህና የደረሳ ፍቅር ባዕድ አልሆነብኝም።

አሁን ወደ ንዴቴ። ኪምያ። ሸምስን የምትወድ ልጅ ናት፣ ለእሱ ይድሯታል፣ ወራት ያልፋል፣ አይነካትም። አንድ ማታ ተኳኩላ፣ ሽቶ ተቀብታ ትሄዳለች። ይመልሳታል። ታማ ትሞታለች። ስለ ፍቅር አርባ ሕግ የሚደረድር ሰው አጠገቡ ላለችው አንዱን እንኳ ሲነፍጋት፣ መጽሐፉ በእሱ ላይ ጠንከር ብሎ አይፈርድም። መጀመሪያ ሳነበው ይሄን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም፤ ሕጎቹን ሳሰምር ይሆናል።

ሕጎቹን ካነሳን አይቀር፣ ቴሌግራም ላይ «ሸምስ ተብሪዝ» ተብሎ የሚለጠፈው ብዙው የሻፋክ ድርሰት ነው። የሸምስ የራሱ ንግግር «መቃላት» በሚባል መጽሐፍ ነው የተቀመጠው፣ እዚያ አርባ ሕግ የሚባል የለም። ልብ ወለድ ነውና አያስወቅሳትም፤ ሰዉ ነው እንደ ጥቅስ የሚያዞረው።

ደሞ ይሄን ስሚ፣ መጽሐፉ ቱርክ ውስጥ በፈረንጆች 2009 ሲወጣ ሽፋኑ ሮዝ ነበር። ወንዶች ይዘውት መታየት አፈሩና ግራጫ ሽፋን ያለው ታተመላቸው!

እና ኤላን ገረፍ ገረፍ እያደረግሽ እለፊያት፣ ኮንያን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ኪምያ ጋ ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እኔ ብቻዬን ነኝ የተናደድኩት?