አስራትና ጸጋ፦ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ገንዘብንና ሙያን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት የሚጠይቁ ናቸው። አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋበር አካባቢ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አስራቴን ከጠቅላላ ሽያጩ ሳወጣ የጨርቅ መግዣ እያጣሁ ተቸገርኩ። ከትርፉ ብቻ ባወጣ ደግሞ ከእግዚአብሔር የሰረቅሁ እየመሰለኝ ልቤ አያርፍም። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ከትርፉ ያውጡ። ግን ትርፉ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ይታወቅ። በሙሴ ሕግ አስራት የሚወጣው ከምድሩ ፍሬና ከመንጋው ነበር (ዘሌዋውያን 27፥30-32)። ለስፌት ቤት ፍሬው ወጪው ከተነሣ በኋላ የሚተርፈው ነው። መሳቢያዎ ውስጥ ከሚገባው ገንዘብ አብዛኛው የጨርቅ ነጋዴውና የቤት አከራይዎ ነው፤ በእርስዎ እጅ ያልፋል እንጂ የእርስዎ አይደለም። ሚልክያስ 3፥8 የሚወቅሰው የሚገባውን ያስቀሩትን ነው፤ ይህ እርስዎን አይመለከትም።

ለምሳሌ በወሩ 42,000 ብር ገባ እንበል። ጨርቅ፣ ገበር፣ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ 17,500፣ ኪራይ 6,000፣ መብራት 500፣ የረዳት ደመወዝ 4,500 ይነሣለት። ለማሽን ጥገናና ለዓመቱ ግብር በየወሩ የሚቀመጥ 1,500 ሲጨመርበት ወጪው 30,000 ይሆናል። የተረፈው 12,000፣ አስራቱም 1,200 ብር ነው። ከ42,000ው ቢያወጡ 4,200 ይሆንና ከትርፍዎ ከሲሶው በላይ ይሄዳል። የጨርቅ መግዣ ያጡት ለዚህ ነው።

ስሌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ደግሞ አሉ። አንደኛው ቀብድ ነው፤ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪረከቡት ድረስ ቀብዱ የደንበኛው ገንዘብ ስለሆነ በገቢ አይመዝገብ። ዱቤም የሚቆጠረው የተከፈለ ዕለት ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ለቤት አስቤዛ ከመሳቢያ የሚነሣው ብር ነው። ብዙ ነጋዴ ይህን «ወጪ» ብሎ ይጽፈውና ትርፉን ያሳንሳል። እሱ ወጪ አይደለም፣ የእርስዎ ገቢ ነው፤ አስራት ይወጣለታል። ስለዚህ ለቤት የሚወስዱትን በተለየ ገጽ ይጻፉ፣ ቅዳሜ ማታ ሱቁን ሲዘጉም ሳምንቱን ይደምሩ። በወር አንዴ እደምራለሁ ያለ ሰው ግማሹን ይረሳል።

ከፋሲካ፣ ከኢድና ከትምህርት ቤት መክፈቻ በፊት ሥራ ይበዛል፣ በመሃል ይቀዘቅዛል። በደጉ ወር አስራቱን ካወጡ በኋላ ለቀዝቃዛው ወር ኪራይ ያስቀምጡ። የቀረው 10,800ም ቢሆን አደራ ነው። የረዳቷን ደመወዝ እያዘገዩ አስራትን በሰዓቱ መክፈል ልክ አይደለም፤ ያዕቆብ 5፥4 የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። እጄ ላይ የሚደርሰው 4,600 ብር ነው። ኩታበር ላለችው እናቴ 1,000 ብር እልካለሁ፣ ዕቁብም እጥላለሁ። ለእናቴ የምልከውን እንደ አስራት ልቁጠረው? የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣልኝስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ለእናትሽ የምትልኪው አስራት አይባልም። ሆኖም አስራት ስላልሆነ ያንሳል ማለት አይደለም። ጌታ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ እያሉ ወላጆቻቸውን የሚተዉትን ወቅሷል (ማርቆስ 7፥9-13)፤ ስለዚህ አስራት ለመሙላት ብለሽ የእናትሽን አትቀንሺ። አስራትሽ 460 ብር ነው። ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ ይህ ካልሞላ ተበድረሽ አትስጪ። በ100 ወይም በ200 ጀምሪና ደመወዝ ሲጨምር ከፍ አድርጊው፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 ስጦታን የሚለካው ሰው ባለው መጠን ነው።

የዕቁብ ዕጣ አዲስ ገቢ አይደለም። ከደመወዝሽ አስራት አውጥተሽ የጣልሽው ብር ተሰብስቦ የተመለሰ ነው፤ ሁለተኛ አይወጣለትም። እንዲያውም ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከደረሰሽ ገና ያልጣልሽው ገንዘብ በመሆኑ ዕዳ ነው፣ እንደ ዕዳ ያዢው። ለጡረታ ለሚቆረጠው 7 በመቶም አስራት የሚወጣለት አንዴ ብቻ ነው፤ አሁን ከተጣራው ደመወዝ ካወጣሽ ጡረታው ሲከፈልሽ ያን ጊዜ ታወጫለሽ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ መስመር በነጻ እንድዘረጋ ተጠይቄአለሁ። ሽቦውን ምእመናን ያዋጣሉ። የጉልበቴን ዋጋ በአስራቴ ፋንታ ልቁጠረው?

መልስ፦ ባይቀላቅሏቸው ይሻላል። 1ኛ ጴጥሮስ 4፥10 እያንዳንዱ በተቀበለው ጸጋ እንዲያገለግል ያዛል፤ ሙያው በራሱ የሚሰጥ ነገር ነው። አስራቱ ከደመወዝዎ ይውጣ፣ ጉልበትዎ ደግሞ ለብቻው ይቆጠር። ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቀድመው ለኮሚቴው ይናገሩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ሁለት ቀን ይሁን። ወሰን ያልተበጀለት ነጻ ሥራ የቤተሰብን እንጀራ ይነካል፣ ባለሙያውንም አስመርሮ መሃል ላይ ያስቆመዋል።

ዋናው ጭንቀታችን የሚዋጣው ዕቃ ነው። ለመብራት 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው)፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ በ16 ወይም በ20 አምፔር ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገባበት ወጥ ቤት ካለ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ ያለ ጥርጥር ይገባል። አንድ ምእመን 1.5 ካሬ አምጥቶ «ለሶኬትም ይሁን» ቢል አይቀበሉ። በ20 አምፔር ብሬከር ሥር ያለ ቀጭን ሽቦ ብሬከሩ ሳይወርድ ይግላል፣ ጣሪያው ደግሞ እንጨት ሊሆን ይችላል። ሰጪው እንዳይከፋው ዝርዝሩን ከነውፍረቱና ከነሜትሩ አስቀድመው ጽፈው ይለጥፉ። የሚፈለገው ሲሞላም «በቃ» ይበሉ፤ ሙሴ ለማደሪያው የመጣው ከሚያስፈልገው በላይ ሲሆን ሕዝቡ እንዳያመጣ አስታውቋል (ዘጸአት 36፥5-7)።

ጥያቄ፦ አስራት በሞባይል ባንክ መላክ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም መከፈቱን ያረጋግጡ፤ በገንዘብ ያዡ የግል ስም በተከፈተ ሒሳብ አይላኩ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም። በምክንያት መጻፊያው ላይ «አስራት» ወይም «ለሕንጻ» ብለው ይጻፉ፤ ካልተጻፈ ለሕንጻ የታሰበው ለደመወዝ ይውላል። የላኩበትን መልእክት ይዘው ሄደው ደረሰኝ ይቀበሉ።