ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል። የአዳማ ከተማ ነዋሪና መምህር ነኝ። ከብዙ ዓመታት ቁጠባ በኋላ በጥር ወር መጨረሻ የ2007 (እ.ኤ.አ.) ስሪት የሆነች አውቶማቲክ ቪትዝ በደላላ አማካይነት ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት የማውቀውን መካኒክ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ በሰፈሩ አስፋልት ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ነድቶ «ደህና ናት» አለኝ። በውሉ ላይ «ገዢ መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይተውና ወደው ገዝተዋል» የሚል ቃል ሰፍሯል። ከዋጋው ውስጥ 120,000 ብር የስም ዝውውሩ ሲጠናቀቅ የሚከፈል ሆኖ እስካሁን በእጄ ነው።

በገዛኋት በአሥራ ስድስተኛው ቀን እናቴን ለመጠየቅ ወደ አሰላ ስጓዝ፣ ዴራን አልፌ ወደ ኢተያ የሚወስደውን ዳገት እንደጀመርኩ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ግን መሄድ አቃታት። ዳር ይዤ አቆምኳት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች፤ ቀስ እያልኩ ወደ አዳማ መለስኳት። የጋራዡ ባለሙያ ኮምፒውተር ሰክቶ «ካምቢዮው ተበልቷል፤ ይፈታና እናየዋለን» አለኝ። ሻጩ ስደውልለት «አይተሽ ነው የገዛሽው» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ደላላውም «መኪና ዕድል ነው» ከማለት በቀር የረዳኝ ነገር የለም። መኪናዋን ለማየት በሄድኩበት ቀን የዳሽቦርዱ ሰዓት ፈጽሞ የተሳሳተ እንደነበርም አሁን ትዝ ይለኛል። ካምቢዮው ይፈታ? ሕጉስ ከእኔ ጋር ነው? በእጄ ያለውን ብር ማስቀረት እችላለሁ? ካምቢዮውን ማሠራት ይሻላል ወይስ ያገለገለ ገዝቶ ማስገባት?

ተ. ገ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ነገ የማይባለው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን። ካምቢዮው አሁን አይፈታ። ያልተፈታው ካምቢዮና በውስጡ ያለው ዘይት በሻጩ ላይ ያለዎት ዋነኛ ማስረጃ ናቸው። አንድ ጊዜ ተፈትቶ ዕቃው በጋራዡ ወለል ላይ ከተበተነ በኋላ ሻጩ «ያበላሸው የእርስዎ መካኒክ ነው» ቢል፣ ይህን አባባል የሚያፈርስ ነገር በእጅዎ አይኖርም። እውነተኛ አቤቱታ ያለው ሰው በዚህ በአንዲት ችኮላ ብቻ መብቱን ሲያጣ ማየት በጣም የሚያሳዝን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ «ተበልቷል» የሚለው ፍርድ ገና ያልተረጋገጠ መሆኑ ነው። በ2007 የተሠሩ አብዛኞቹ ቪትዞች የተለመደው ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ የላቸውም፤ ያላቸው ሲቪቲ የሚባለው ነው። ሲቪቲ በደረጃ የሚለዋወጡ ማርሾች የሉትም፤ ከብዙ ጥቃቅን የብረት ቅጠሎች የተሠራ ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ይሽከረከራል፣ ፑሊዎቹም እየሰፉና እየጠበቡ ፍጥነቱን ይለውጣሉ። ቀበቶው ሳይንሸራተት የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ካነሰ፣ ካረጀ ወይም ዓይነቱ ከተሳሳተ፣ መኪናው ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ይሄዳል፤ ሲሞቅና ሲጫን ግን ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ ቀበቶውም ይንሸራተታል። አዳማ በ1,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ያለች ሜዳማ ከተማ ስትሆን አሰላ ግን ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ ናት፤ ካምቢዮዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የተፈተነው በዚያ ዳገት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አለመሄዷ ችግሩ ከሞተር አቅም ማነስ ሳይሆን ኃይል ወደ ጎማ ካለመድረሱ መሆኑን ያሳያል፤ ቀዝቅዛ መነሳቷ ደግሞ ካምቢዮው ጨርሶ እንዳልሞተ ምልክት ነው። ጥፋቱ ገና በዘይቱ፣ በማጣሪያው ወይም ግፊቱን በሚቆጣጠሩት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቫልቮች ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቀበቶውና ፑሊዎቹ ተጎድተውም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ዘይት ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ በአገራችን ያለው የዚህ ዓይነት ብልሽት ትልቅ በር ይኸው ነውና። ከውጭ ሲታይ ቪትዝ የሚመስለው፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የገባው የዚያው ዘመን ያሪስ ብዙውን ጊዜ ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። የዚያ ዘይትና የሲቪቲ ዘይት የተለያዩ ናቸው። ለአውቶማቲክ የተሠራው ዘይት በሲቪቲ ውስጥ ሲገባ ቀበቶው ፑሊውን አጥብቆ የሚይዝበትን ኃይል ይነሳዋል፤ መኪናው ለጊዜው ይሄዳል፣ ፑሊው ግን እየተላጠ ብናኙ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። የመኪናዎ ካምቢዮ ዓይነት በመታወቂያ ሳህኑ ላይ ትራንስ አክስል በሚለው መስመር ታትሟል፤ ሳህኑ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ ይገኛል። ማንም ሰው አንድ ሊትር ዘይት ከመጨመሩ በፊት ያንን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

የኮምፒውተሩን ውጤት በተመለከተ ባለሙያው የነገረዎትን ቁጥር ጠይቀው ይጻፉት፤ ስክሪኑንም ፎቶ ያንሱ፣ እንዳያጠፋውም ይንገሩት። ያነበበው ፒ0700 ብቻ ከሆነ፣ ይህ ቁጥር የካምቢዮው መቆጣጠሪያ አንድ ጥፋት መዝግቧል ከማለት ያለፈ ምንም አይናገርም፤ ዝርዝሩ በሌሎች ቁጥሮች ውስጥ ነው። ስለ ዳሽቦርዱ ሰዓት ያነሱት ነገርም ጥሩ ትዝብት ነው፤ ባትሪ ሲነቀል ሰዓቱም ይጠፋል፣ ቀላል የማይባሉ የጥፋት መዝገቦችም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ሆኖም ባትሪ ለመለወጥም ይነቀላልና ይህ ብቻውን ሻጩን አይከስም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲቆም ግን ይናገራል።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢ በሚገዛበት ጊዜ የሚያውቀው፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሳያየው የማይቀር ግልጽ ጉድለት ግን በሻጭ ላይ አይጫንም። «አይተሽ ነው የገዛሽው» የሚለው የሻጩ መከራከሪያ የሚመነጨው ከዚህ ነው። እኛ እንደምናየው ግን መካኒክ ይዘው መሄድዎ የሚጎዳዎት ሳይሆን የሚጠቅምዎ ነው፤ ጠንቃቃ ገዢ የሚያደርገውን አድርገዋል፣ ጉድለቱም በሜዳ ላይ በአሥር ደቂቃ ሊታይ የማይችል፣ በሙቀትና በዳገት ብቻ የሚገለጥ ነበር። «ባለችበት ሁኔታ» የሚለው ቃል የሻጩን ኃላፊነት ሊያጠብብ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ በዚህ ቃል ሊሸሸግ አይችልም። ማወቁን የማስረዳት ሸክም ግን በእርስዎ ላይ ነው፤ ጉድለቱ መኪናዋን በተረከቡበት ቀን የነበረ መሆኑንም እንዲሁ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ሕጉ ከእርስዎ የሚፈልገው ትልቁ ነገር ግን ፍጥነት ነው። ጉድለቱን ያወቀ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ የስልክ ጥሪ ደግሞ ለመካድ ቀላል ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያስታውቁት። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ የውሉን ቀን፣ የመኪናዋን ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ በተረከቡበትና ችግሩ በታየበት ቀን ቆጣሪው ያሳየውን ኪሎ ሜትር ይዞ፣ «በዚህ ቀን፣ በዴራና በኢተያ መካከል ባለው ዳገት ላይ ካምቢዮው ኃይል ማስተላለፍ አቁሟል፤ ካምቢዮው ሳይፈታ በጋራ እንዲመረመር በዚህ ቀንና ሰዓት በዚህ ጋራዥ እንዲገኙ እጠይቃለሁ» ቢል ይበቃል። ሁለት ምስክሮች ባሉበት በእጁ ሰጥተው ያስፈርሙት፤ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩለት፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በቁጥር 2298 መሠረት አንድ ዓመት ነው፤ ይህ ጊዜ በሽማግሌ ቀጠሮ ሲገፋ ሳይታወቅ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

ለምርመራው ከእርስዎም ከሻጩም ጋር የማይተዋወቅ ባለሙያ ይምረጡ። መኪናዋን ወደዚያ በገመድ አያስጎትቱ፤ የፊት ጎማዎቿ መሬት ይዘው ሲሽከረከሩ፣ ሞተሩ ስላልተነሳ የዘይቱ ፓምፕ አይሠራም፣ ካምቢዮውም ያለ ቅባት ይዞራል። በሎቤድ፣ ማለትም መኪና በሚጭን ተሽከርካሪ፣ ትጫን። ባለሙያው በመጀመሪያ የዘይቱን መጠን ይለካል፤ ከዚያ የማፍሰሻውን ብሎን ከመንካቱ በፊት ዙሪያው በቅርቡ በቁልፍ የተቧጨረ መሆን አለመሆኑን ያያል፣ ፎቶም ይነሳል። ከሚፈሰው ዘይት ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩ። ጤነኛው ዘይት ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ የተቃጠለው ይጠቁራል፣ እንደ አረረ ነገርም ይሸታል። የታችኛው ጎድጓዳ ክዳን ሲወርድ በውስጡ የተለጠፉትን ማግኔቶች ይመልከቱ፤ እንደ ግራጫ ጭቃ ያለ ስስ ልባስ የዕድሜ ነገር ነው፣ በጣት መካከል የሚቆረቁር ፍርፋሪ ካለ ግን ቀበቶው፣ ፑሊው ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት በንጹሕ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ የተገኙት ሰዎችም ስማቸውንና ቀኑን ጽፈው ይፈርሙበት። ሻጩ ተጠርቶ ካልመጣ ይህንኑ በቃለ ጉባኤ አስፍረው ምርመራውን ያካሂዱ። ባለሙያው በጽሑፍ እንዲመልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ጉዳት በአሥራ ስድስት ቀን አገልግሎት ሊደርስ ይችላል ወይስ ቀድሞ የነበረ ነው?

በእጅዎ ስላለው 120,000 ብር፦ ገንዘቡ ትልቅ ጉልበት ይሰጥዎታል፤ ዝም ብሎ አለመክፈል ግን ጉልበቱን ወደ ሻጩ ያዞረዋል። እሱ ስሙን አዛውሮ እርስዎ ያለ ምክንያት ካልከፈሉ ውል ያፈረሱት እርስዎ ይሆናሉ። ስለዚህ ገንዘቡን የያዙት በጉድለቱ ምክንያት እንደሆነና ጉዳዩ ሲፈታ ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን በዚያው ደብዳቤ ይግለጹ፤ ይህን ክፍል ከመላክዎ በፊት ለአንድ ጠበቃ ቢያሳዩት ወጪው አይቆጭዎትም። የስም ዝውውሩንም አያስቁሙ።

በእኛ እምነት ነገሩ በሽማግሌ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ዓላማው ውሉን ማፍረስ ሳይሆን የጥገናውን ወጪ ከቀሪው ገንዘብ ላይ ማስቀነስ ሊሆን ይችላል። ደላላውንም ይጥሩት፤ ሻጩ ስለ መኪናዋ ምን ብሎ እንደነበር የሰማ ሰው ነውና። ስምምነት ላይ ከተደረሰ በጽሑፍ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ እንዳይነሳ የሚያስር ስለሆነም የምርመራው ውጤት ሳይታወቅ አይፈርሙ። ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ከሆነ፣ በአዳማ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በአማርኛ የተጻፈውን ውልና የባለሙያውን ጽሑፍ ማስተርጎም እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ያስቡበት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ በምርመራው ውጤት ላይ ይንጠለጠላል። ዘይቱ ያረጀ ወይም የተሳሳተ ሆኖ ማግኔቶቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ ትክክለኛውን ዘይትና ማጣሪያ አስገብቶ በዳገት መሞከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ፍርፋሪ ከተገኘ ግን ሲቪቲን ፈትቶ ቀበቶና ፑሊ መለወጥ ልዩ መሣሪያና ልምድ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ማስገባት ይሻላል ብለን እናምናለን። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የሳህኑን ፎቶ ይዘው ይሂዱ፤ መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይግዙ፣ የሞተሩ መጠን ሲለይ ካምቢዮውም ሊለይ ይችላልና። ከመክፈልዎ በፊት የዚያኛውም ክዳን ወርዶ ማግኔቱ ይታይ፤ ካልሠራ እንደሚመልሱት የሚገልጽ ቃልና ቀን ያለው ደረሰኝም ይቀበሉ። ሲገጠም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዘይት ማቀዝቀዣው ነው፤ የድሮው ካምቢዮ ብናኝ በራዲያተሩና በቧንቧዎቹ ውስጥ ስለሚቀር፣ ካልታጠበ ወይም ካልተለወጠ አዲስ የገባውንም ይበላዋል።

የወረደውን አሮጌ ካምቢዮ ጋራዦች ብዙውን ጊዜ ለራሳቸው ያስቀሩታል። እርስዎ ግን ከሻጩ ጋር ያለው ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከተፈረመበት የዘይት ጠርሙስ ጋር ቤትዎ ያስቀምጡት።