ኮንቴይነሩ በባሕር፣ እርስዎ በመንገድ፦ ባሕር ማዶ ሥራ ላገኙ ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልምድ ያለዎት ነርስ እንደሆኑ፣ ባሕር ማዶ ካለ ሆስፒታል ቅድመ ሁኔታ ያለበት የቅጥር ደብዳቤ እንደደረሰዎት፣ ሥራው ከአራት ወር በኋላ እንደሚጀምርና ከዚያ በፊት አሥር ሳምንት በካምፐር ቫን (መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና) እየተዘዋወሩ ስድስት ጓደኞችዎን ለመሰናበት እንዳሰቡ ጽፈዋል፤ የቤት ዕቃዎም በዚያው ጊዜ በመርከብ ይጓዛል። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፦ ጉዞው ሥራዎን ያሰናክልብዎት እንደሆነ፣ ለቀጣሪው መንገር ይገባዎት እንደሆነ፣ ሆስፒታሉ የላከልዎትን የኦንላይን ሥልጠናም መንገድ ላይ ሆነው መውሰድ ይችሉ እንደሆነ።

ጉዞውን አልቃወምም። አዲስ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ረጅም ፈቃድ ለመጠየቅ አፉን ስለሚይዘው፣ ጓደኞችዎን ለማየት ከአሁኑ የተሻለ ጊዜ በቅርቡ አያገኙም። የምቃወመው የላኩልኝን የጉዞ መስመር ነው፤ ምክንያቱም የተሠራው ጓደኞችዎ በሚመቻቸው ቀን እንጂ ወረቀቶችዎ ተሟልተው በሚጠናቀቁበት ቀን አይደለም።

ቅድመ ሁኔታ ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ገና ቅጥር አይደለም። የሙያ ፈቃዱ፣ የሥራ ቪዛው፣ የጤና ምርመራውና ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚገልጸው ማስረጃ ካልተሟሉ ሆስፒታሉ ውሉን የመተው መብት አለው። የመልቀቂያ ደብዳቤዎን እስካሁን አላስገቡም፤ እሰየው። ቢያንስ የሙያ ፈቃዱ ጸድቆ፣ ከተቻለም ቪዛው እጅዎ እስኪገባ ድረስ አያስገቡት። በዚህ ምክንያት አሥሩ ሳምንት ወደ ስድስት ቢወርድ፣ ከስድስት ጓደኞች አራቱን ብቻ ማየት ከደመወዝ ውጪ ሆኖ ከመጠበቅ ይሻላል።

በመስመሩ ላይ ያልታሰበበት ትልቁ ነገር ፓስፖርትዎ ነው። ብዙ ኤምባሲዎች ማመልከቻው እስኪወሰን ድረስ ወይም ቪዛው እስኪታተም ፓስፖርቱን ይዘው ያቆያሉ፤ አሻራ ለመስጠትም በቀጠሮ ቀን በአካል መገኘት ግድ ነው። ያለ ፓስፖርት ድንበር መሻገር ስለማይቻል፣ ቪዛው ሳይወጣ የሚጎበኙት እርስዎ በሚኖሩበት አገር ያሉትን ሁለቱን ጓደኞች ብቻ ይሁን፤ የሌሎቹን አገሮች ጉዞ ለኋላ ያቆዩት። መንገድዎ በሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ባስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) የሚያልፍና የዚያ ነዋሪ ካልሆኑ፣ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ የተፈቀደልዎት 90 ቀን መሆኑን፣ የገቡበትም የወጡበትም ቀን እንደሚቆጠር ያስታውሱ። መንጃ ፈቃድዎንም ይመልከቱ፤ በብዙ አገሮች ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ብቻ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ካምፐር ቫኖች ዕቃ ሲሞላባቸው ከዚህ በቀላሉ ያልፋሉ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚወጣው ዋናውን መንጃ ፈቃድ ከሰጠው አገር ስለሆነ ከመነሳትዎ በፊት ያውጡት።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ከዓመታት በፊት አማክረውኝ የነበሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ የገጠማቸውን ልንገርዎ። የቤት ዕቃቸውን ያሸጉት አሻጊዎች ዲፕሎማውንና የትምህርት ማስረጃውን የያዘውን ሰማያዊ ክላሰር ከመደርደሪያው አንሥተው «መጻሕፍት» ተብሎ በተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ከተቱት። የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል ዋናውን ሰነድ በጠየቀ ጊዜ ካርቶኑ ባሕር ላይ ነበር፤ መርከቡ ወደብ እስኪደርስና ጉምሩክ እስኪለቅቀው ሰባት ሳምንት ጠበቁ፣ የሥራ መጀመሪያ ቀናቸውም ሁለት ጊዜ ተዛወረ። ስለዚህ አሻጊዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ማታ የዲፕሎማ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃዎችን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎችንና የክትባት ካርድዎን ዋናውን ቅጂ በአንድ ውኃ የማያስገባ ቦርሳ አድርገው ከቤት ያውጡት፤ ጎረቤት ዘንድም ቢሆን ያሳድሩት። አፖስቲል (ሰነዱ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚደረግበት ማረጋገጫ) የሚያስፈልገው ሰነድ ካለም አሁኑኑ ያስጨርሱት። በ1961 የሄግ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ይህ ማረጋገጫ ሰነዱ ከወጣበት አገር ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማስደረግ ውክልናና ፖስታ ይጠይቃል። የነርስነት ፈቃድዎ እገዳ እንደሌለበት የሚመሰክረው ደብዳቤ ግን በተቃራኒው ቶሎ መውጣት የለበትም፤ ብዙ ተቀባይ አካላት በቅርብ ወራት የተጻፈ፣ ከአንዱ ተቆጣጣሪ አካል በቀጥታ ለሌላው የተላከ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ጓደኞችዎ ከሸክም ይልቅ ረዳት ይሆናሉ። በመኪና የሚኖር ሰው የሚያጣው አድራሻን፣ ጠረጴዛንና ጸጥታን ነው፤ የጓደኛ ቤት ሦስቱንም ይሰጣል። የቪዲዮ ቃለ ምልልስን፣ የፖስታ መቀበያን፣ ሰነድ ማተምንና ስካን ማድረግን በሙሉ በጓደኛ ቤት በሚያርፉባቸው ቀናት ያድርጉ። ዝናብ በቫን ጣሪያ ላይ ሲወርድ ውስጥ ላለው ሰው ደስ ይላል፤ በማይክሮፎኑ በኩል ለሚሰማው ጠያቂ ግን ጠጠር የሚፈስ ይመስላል። ለጓደኞችዎም አስቀድመው «ማክሰኞ ጠዋት ለሁለት ሰዓት በር የሚዘጋ ክፍል እፈልጋለሁ» ብለው ይጻፉላቸው፤ እንግድነት ይሉኝታ ስላለበት ደርሰው ቢጠይቁ አንገትዎን ይደፋሉ። የስልክ ቁጥርዎንም ቸኩለው አይዝጉት፤ የባንክ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፣ ሙያዬ ስላልሆነ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 33 ሜትር ኩብ ይይዛል። ዕቃዎ ከዚህ በጣም ካነሰ ከሌሎች ጋር በጋራ ስለሚጫን፣ ኮንቴይነሩ እስኪሞላ ይቆያል፤ የሚደርስበትም ቀን እርግጠኛ አይሆንም። ፓኪንግ ሊስቱን (የታሸጉትን ዕቃዎች ዝርዝር) እና ቢል ኦፍ ሎዲንጉን (ዕቃው መርከብ ላይ ለመጫኑ የሚሰጠውን ሰነድ) በስልክዎ ይያዙ፤ እርስዎ ሳይደርሱ ዕቃው ቢደርስ ወደብ ላይ በየቀኑ ኪራይ ስለሚቆጥር፣ መርከቡ ከእርስዎ በኋላ እንዲደርስ አድርገው ያስጭኑ። ብዙ አገሮች ነዋሪ ሊሆን የሚመጣን ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገቡት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሲገባና ለተወሰኑ ወራት ሲገለገሉበት የቆየ ሲሆን ነው፤ ለጉዞው ብለው የሚገዙትን አዲስ ነገር ከዚያ ጋር አያስጭኑት።

ለቀጣሪው ይንገሩ፤ ግን ታሪኩን ሳይሆን ቀኖቹን። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በጉዞ ላይ ነኝ፤ ኢሜይል በየሁለት ቀኑ አያለሁ፤ ለስብሰባ የምመቸው በእነዚህ ቀናት ነው፤ ፓስፖርቴ እስከዚህ ቀን ድረስ ኤምባሲ ነው» የሚል አጭር ደብዳቤ ይበቃል። በሲቪዎ ላይም ስለ ጥቂት ሳምንታት ክፍተት ማብራሪያ አይጻፉ፤ ከጠየቁ «ወደ አዲሱ አገር የመዛወሪያ ጊዜ» ማለት እውነትም በቂም ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተ መልሴ የሚወሰነው ለእርስዎ ደመወዝ በሚከፈልበት ወይም ባለመከፈሉ ነው። የእጅ አስተጣጠብንና የእሳት አደጋ መከላከልን የሚያስተምሩ፣ ደመወዝ የማይከፈልባቸውን ቪዲዮዎች ማየት ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። ደመወዝ የሚታሰብበት ወይም የሕመምተኛ መረጃ የሚከፈትበት ከሆነ ግን ሥራ ነው፤ በጎብኚ ቪዛ በገቡበት አገር ተቀምጦ ሥራ መሥራት በብዙ ቦታ የተከለከለ ሲሆን፣ የግብርና የመድን ጥያቄም ያስነሳል። ሆስፒታሉ ሥልጠናው ከየትኛው አገር ሆኖ እንዲወሰድ እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ካልመለሰልዎት ከደረሱ በኋላ ይጀምሩት።

ቫኑ የራስዎ ከሆነ መሸጡን ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። የበረራ ቲኬት በእጁ የያዘ ሻጭ የተሰጠውን ዋጋ ሁሉ እንደሚቀበል ገዢ ያውቃል፤ የስም ዝውውሩም የራሱን ቀናት ይወስዳል። ከስድስቱ ጓደኞችዎ ለአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀርበውን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ እዚያ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ሊብሬውንና ቁልፉን ለገዢው ያስረክቡ፣ የሰነድ ቦርሳውን ግን ከእጅዎ አይለዩት።